አዲሱ ገበያ ያለችው ወተት ቤት፦ እርጎው ይጠጣ፣ አይቡ ይቆይ

ቤቷ ስም የላትም። በሯ ላይ «ትኩስ ወተት አለ» የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሏል፣ በቃ። አዲሱ ገበያ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ነው ያለችው።

እኔን እዚህ ያመላለሰኝ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሃምሳን ካለፍኩ ሰንብቻለሁ። ሐኪሜ አጥንቴን አስለክቶ «ሳሳ ብሏል፣ ከአሁኑ ያዢው» ካለኝ ወዲህ የምበላውን ሁሉ በካልሲየም ነው የምመዝነው። የወር አበባ ሲቆም ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ አጥንትም ቶሎ ቶሎ ይሳሳል። በዚህ ዕድሜ ላለች ሴት በቀን 1200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ገደማ አለው። እዚህ ቁጭ ብዬ ሁለት ብርጭቆ ከጠጣሁ ግማሹን ተገላገልኩ።

እርጎው ግሩም ነው። ወተቱ በጠዋት ከሱሉልታ ይመጣል፣ ዕቃው በወይራ የታጠነ ነው። ብርጭቆውን ወደ አፍ ስታስጠጉት ጭሱ ቀድሞ አፍንጫ ላይ ይደርሳል። ወፍራም ነው፣ ግን አይጎተትም። ሚጥሚጣ ነስነስ አድርጎ ከትኩስ ዳቦ ጋር ነው እንጂ! ሳይጠይቁ ስኳር ይሞጅሩበታል፤ ስለዚህ ስታዙ «ያለ ስኳር» በሉ።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ባለቤቷን «እትዬ፣ ወተቱ ይፈላል?» አልኳት። «አፍልተን፣ አቀዝቅዘን፣ የትናንቱን እርጎ ጠብ አድርገንበት ነው የምናረጋው» አለችኝ። ይህን ካልሰማሁ አልጠጣም ነበር። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ ያመጣል። በሽታው ደግሞ መገጣጠሚያና አከርካሪ ይወዳል። ለአጥንት ብለን የጠጣነው አጥንታችን ላይ ሲወጣ አስቡት።

አይቡ ይጣፍጣል፣ ነጭና ለስላሳ ነው። ግን ካልሲየም ፍለጋ ከመጣችሁ አይብ አያዋጣም። አሬራው ኮምጣጣ ስለሆነ ካልሲየሙ ይሟሟና ብዙው ከአጓቱ ጋር ይወጣል። የሚቀረው በአብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ እሱም ቢሆን ለጡንቻም ለአጥንትም አይጠላም። እዚህ ቤት አጓቱ በባልዲ ተሞልቶ ለሰፈሩ ውሾች ይቀርባል። የውሾቹ አጥንት ብረት ሳይሆን አይቀርም። አስተናጋጇ «እማዬ፣ አይብ ልጨምርልሽ?» ስትለኝ «አይ ልጄ፣ እርጎውን ድገሚኝ» ነው መልሴ።

(ቅልጥም መጥጬ አጥንቴን አጠነከርኩ የሚል ወንድም አለኝ። መቅኔ በአብዛኛው ስብ ነው ብዬ ነገርኩት። አልሰማኝም።)

ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም፣ እኔ ወተት አልነካም። ቤቷ ግን አትዘጋም፣ ለማይጾሙትና ለሕፃናት ትሸጣለች። ለጿሚው ጎመን በእንጀራ አላት። ይሄን ማንም አያወራውም እንጂ ጎመን ካልሲየሙ ብዙ ነው፣ ሰውነትም በቀላሉ ይወስደዋል። ጤፉም የራሱን ያዋጣል፤ 100 ግራም ጤፍ 180 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለው። አንዳንድ ቀን ጎመን ሲጠፋ ቆስጣ ያቀርባሉ። ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ጠፍሮ ስለሚይዘው ለዚህ ጉዳይ ምትኩ አይሆንም። ያን ቀን ሽሮ አዛለሁ።

ቅሬታዬ ወለሉ ላይ ነው። ሴራሚኩን በቀን ሦስቴ አራቴ ያጥቡታል፣ ንጽሕናው ደስ ይላል፣ ግን እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል። መግቢያው ላይ ደግሞ ሁለት ደረጃ አለ፣ መደገፊያ የለውም። አጥንቱ የሳሳ ሰው ጣጣው የሚመጣው ሲወድቅ ነው። ለባለቤቷ ነገርኳት፤ በነጋታው ጆንያ አነጠፈችበት። ከምንም ይሻላል፣ መደገፊያ ብረት ግን አሁንም የለም። ዱካዎቹም ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው መነሳቱ ፈተና ነው። ግድግዳው ጋ ያሉት ሁለት ወንበሮች ይሻላሉ፣ ቀድማችሁ ያዟቸው።

ከሰሜን ማዘጋጃ በእግሬ ነው የምሄደው። ዳገት ነው፣ ያስተነፍሳል፤ አጥንት ደግሞ ክብደት ተሸክሞ ሲሠራ ነው የሚጠነክረው። ደጁ ላይ አግዳሚ አለ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል፣ ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ነጠላዬን ክንዴ ላይ ገለጥ አድርጌ ትንሽ እቀመጣለሁ። ቫይታሚን ዲ ከሌለ የተጠጣው ካልሲየም በደንብ አይሰርግም።

ዋጋው ደህና ነው። አንድ ብርጭቆ እርጎ ካፌ ከሚጠጣ ማኪያቶ ብዙም አይበልጥም። ቴሌብር ይቀበላሉ። ቅዳሜ ከሆነ ከስድስት ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ እርጎው አልቆ የሚተርፋችሁ አይቡ ነው።