ኤልደን ሪንግ ወይስ ሴኪሮ? ጠላት ሰይፍ ሲያነሳ ጣታችሁ ወዴት ይሄዳል?

ሁለቱም ፍሮምሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ የሠራቸው የቪዲዮ ጌሞች ናቸው። ሁለቱም ደጋግመው ይገድሏችኋል። ስለዚህ "የትኛው ይከብዳል?" የሚለው ጥያቄ ለገዢ ብዙ አይፈይድም። ጠላት ሊመታችሁ ሲመጣ መሸሽ ይቀናችኋል ወይስ መጋፈጥ? እሱን መልሱ።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤልደን ሪንግ ለሸሺ ይመቻል። ትንከባለላላችሁ፣ አንድ ሁለቴ ትመታላችሁ፣ ስታሚና (ለመምታትና ለመንከባለል የሚወጣው ጉልበት) እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ። ስግብግብ ብላችሁ አንድ ምት ከጨመራችሁ መንከባለያ አቅም ታጣላችሁ። መውጫው ግን ብዙ ነው፤ ጋሻ አለ፣ ከሩቅ የሚወረወር አስማት አለ፣ አብሯችሁ የሚዋጋ መንፈስ መጥራት ይቻላል። ማርጊት የተባለው ቦስ (መንገድ የሚዘጋ ከባድ ጠላት) አላሳልፍ ካላችሁ ትታችሁት ሄዳችሁ፣ ሌላ ቦታ ሌቭል ጨምራችሁ ትመለሳላችሁ። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ አላፍርበትም።

ሴኪሮ (2019) እንዲህ አያባብልም። ስታሚና የለውም፣ ዋናው መሣሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው አንድ ሰይፍ ነው። ምቱ ሊያርፍ ሲል መከላከያውን ትጫናላችሁ፤ ሰይፍ ከሰይፍ ይፋጫል፤ የጠላት ሚዛን መለኪያ ይሞላል። ጢም ሲል ገና ብዙ ላይፍ ቢቀረውም የመግደያው ምት ይከፈትላችኋል። ፈርታችሁ ከራቃችሁ መለኪያው ተመልሶ ይወርዳል፤ ልፋታችሁ ውኃ በላው።

የጦሩን ነገር ልንገራችሁ። ቀይ ምልክት ብልጭ ይልና ጦር ወደ ደረታችሁ ይመጣል። ሰውነታችሁ ወደ ኋላ በል ይላችኋል። ትክክሉ ግን ወደ ጦሩ መግባት ነው፤ በዚያች ቅጽበት በመሸሻው ቁልፍ ወደ ፊት ስትሉ ጦሩን በእግራችሁ መሬት ላይ ትረግጡታላችሁ። ይህን ክህሎት ገና በጠዋቱ ክፈቱት። ከዚያ በኋላ መንከባለል አሰልቺ ይሆንባችኋል፣ እኔ ላይ የሆነው እሱ ነው።

መሃል ያለ ነገር ከፈለጋችሁ ላይስ ኦፍ ፒ የተባለ ጌም አለ፤ እንደ ሴኪሮ ምትን በሰዓቱ መመከትን ይሸልማል፣ ግን ስታሚናም ሌቭልም አለው። ብለድቦርን የተባለው ጌም ደግሞ ሲመቷችሁ ቶሎ መልሳችሁ ከመታችሁ ካጣችሁት ላይፍ ይመልስላችኋል፤ ፕሌይስቴሽን ከሌላችሁ ግን እርሱት።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር፦ ሴኪሮ ፓውዝ ይደረጋል። ኤልደን ሪንግ ላይ ዕቃችሁን ለማየት ሜኑ ብትከፍቱም ጠላት መምታቱን አያቆምም። በር ሲንኳኳ ቦስ ፊት ቆሞ የነበረ ሰው ይህ ይገባዋል።