ዲዝኒ ወይስ ኸርሺ? ለልጆቻችን የቱ ይሻላል

ፋሲካ አልፎ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲቃረብ ስልኬ ዕረፍት የለውም። «አንተ ሄደህ አይተኸዋል፤ ልጆቹን ዲዝኒ ልውሰዳቸው ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ጥያቄው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ብቻ ሦስት ሰው ጠየቀኝ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ትንሹ ልጃችሁ ሰባት ዓመት ካልሞላው ፍሎሪዳ ኦርላንዶ ያለው የዲዝኒ ወርልድ መዝናኛ አትሂዱ። እንደኛ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ባልቲሞር የምትኖሩ ከሆነ መኪናችሁን አስነሡና ፔንሲልቬንያ ያለው ኸርሺ ፓርክ የሚባል መዝናኛ ሂዱ። ከእኛ ቤት ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ይህን የምለው ሁለቱንም ከኪሴ ከፍዬ ስላየሁ ነው።

ሂሳቡን ልዘርዝር። ባለፈው ጁላይ ኦርላንዶ የሄድነው አራት ሆነን ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የስምንት ዓመት ሴት ልጄና የአራት ዓመት ወንድ ልጄ። የሦስት ቀን መግቢያ ለአራታችን 1,560 ዶላር። አውሮፕላን 880። ኦርላንዶ አጠገብ ኪሲሚ ያለ ሆቴል አምስት ሌሊት 600። የኪራይ መኪና 300። ምግብ 500። ፓርኪንግ በቀን 30፣ ለሦስት ቀን 90። ሰልፍ ለማሳጠር፣ ያውም ለአንድ ቀን ብቻ፣ 108። የሚኪ ጆሮ፣ የአረፋ መንፊያ፣ ቲሸርት 160። ድምሩ 4,198 ዶላር።

ኸርሺ አንድ ቀን ስንውል ቲኬቱ ቀድመን በኢንተርኔት ስለገዛን 250፣ ፓርኪንግ 30፣ ቤንዚን 40፣ ምግብ 90 ወጣብን። 410 ዶላር። ማታ ቤታችን ገብተን ተኛን።

«የዲዝኒው እኮ ሦስት ቀን ነው» የሚለኝ አለ። እሺ፣ በቀን እናካፍለው። ዲዝኒ በቀን ወደ 1,400 ዶላር ይመጣል፤ ኸርሺ 410። ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ልጆቼ ደግሞ ኦርላንዶ ላይ በሦስተኛው ቀን ደክሟቸው እኩለ ቀን ላይ እንውጣ ብለውኛል።

የዲዝኒ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲከፈት መግቢያው 3.50 ዶላር ነበር፤ ለመጫወቻዎቹ ለየብቻ ይከፈል ነበር። ከ2018 ወዲህ ዋጋው በቀኑ ይለያያል። ለ2026 የገና ሰሞን ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ የሆነው የማጂክ ኪንግደም የአንድ ቀን የአዋቂ መግቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ200 ዶላር አልፏል። የልጅ ዋጋ የሚባለው ከሦስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላለ ልጅ ነው፤ ከአዋቂው የሚያንሰው በጥቂት ዶላር ብቻ ነው። አሥር ዓመት የሞላው እንደ አዋቂ ይከፍላል። በነፃ የሚገባው ከሦስት ዓመት በታች ያለ ብቻ ነው።

ዱሮ በነፃ የነበረውም ዛሬ ይከፈልበታል። ሰልፍ የሚያሳጥረው ፋስትፓስ እስከ 2020 ድረስ ከቲኬቱ ጋር ይመጣ ነበር። ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ የሚከፈልበት ሆነ፤ አሁን ላይትኒንግ ሌን ይሉታል። ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ፓርኩ ከፍ ዝቅ ይላል። ለሆቴል እንግዶቻቸው ከኤርፖርት በነፃ ይመላለስ የነበረው አውቶቡስም በ2022 መጀመሪያ ቀርቷል። ከአምስት ስድስት ዓመት በፊት ሄዶ የመጣ ወዳጅ «ይሄን ያህል አያወጣም» ቢላችሁ ያኔ ልክ ነበር። ዛሬ ግን አይደለም።

ልጄ ያኔ ቁመቱ 40 ኢንች ነበር። ስፔስ ማውንቴን የሚባለው ሮለር ኮስተር 44 ይጠይቃል። ኤክስፔዲሽን ኤቨረስትም 44። በር ላይ በመለኪያው ሲመልሱት እህቱ ገባች፣ እሱ አለቀሰ። ሠራተኞቹ በጣም ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ጎንበስ ብለው አባበሉት። ወላጆች ሁለተኛ ሳይሰለፉ በየተራ የሚገቡበት አሠራርም አላቸው፤ በነፃ ነው፣ ጠይቁ። ግን ሙሉ ከፍለን ያስገባነው ልጅ ቀኑን በጋሪ ሲገፋ ነው የዋለው።

ዝናቡንም አስቡት። ፍሎሪዳ በጁላይና በኦገስት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው። መብረቅ በአቅራቢያው ካለ ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። እኛ አንድ ከሰዓት ሙሉ አንድ ሱቅ ጥግ ተጠልለን አሳለፍን፤ ገንዘብ አይመለስም። ኸርሺም አየሩ ሲበላሽ መጫወቻዎቹ ሊቆሙ ይችላሉ። ግን የሁለት ሰዓት መንገድ ስለሆነ ትንበያውን አይቼ ነው የምነሣው። የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ ትንበያ መጠበቅ አይቻልም።

አሁን በጣም ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ፤ ርካሽ ቲኬት። ኦርላንዶ እያለን አራተኛ ቀን ልንጨምር ፈለግን። አንድ ሰው በኦንላይን «የብዙ ቀን ቲኬት ገዝተን አንዳንድ ቀን ተርፎናል፣ በሰው 60 ዶላር» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። አራቱን በ240 ገዛሁ። ጠዋት በር ላይ ጣቴን አሳረፍኩ፤ አረንጓዴው አልበራም። የባለቤቴም እንዲሁ። ለካ ቲኬቱ መጀመሪያ ቀን በገባበት ሰው ጣት ይመዘገባል፣ ለሌላ ሰውም አይተላለፍም። ሻጩን ብደውል ስልኩ ተዘግቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ደረሰብኝ። ይህ 240 ዶላር ከላይ ባለው ድምር ውስጥ የለም።

ኪሲሚ ውስጥ 192 የሚባለው መንገድ ዳር «ቲኬት በግማሽ ዋጋ» የሚሉ ትንንሽ ሱቆች ታያላችሁ። ብዙዎቹ ቲኬቱን የሚሰጡት ለታይምሼር፣ ማለትም ከሌሎች ጋር በተራ ለሚጠቀሙበት የዕረፍት ቤት፣ ሽያጭ ግማሽ ቀን ከተቀመጣችሁ በኋላ ነው። የአንድ ቀን ዲዝኒ ብዙ መቶ ዶላር በሚያወጣበት ከተማ ግማሽ ቀን ማጣት ቅናሽ አይደለም። ቲኬት ከራሱ ከፓርኩ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ ለሠራተኛ ከሚሰጥ ቅናሽ ግዙ። ሌላ ቦታ አትግዙ።

ኸርሺን የምወደው በዋጋው ብቻ አይደለም። የቸኮሌት ፋብሪካው ባለቤት ሚልተን ኸርሺ በ1906 ለሠራተኞቹ መዝናኛ ብሎ የከፈተው ቦታ ነው። ዛፉና ጥላው ብዙ ነው። የልጆቹ ቁመት በከረሜላ ስም ይመደባል፤ ልጄ ኪስስ ነበር፣ በዚያ ምድብ የተፈቀዱለት መጫወቻዎች ለአንድ ቀን ከበቂ በላይ ናቸው። የውኃ መጫወቻውና መካነ አራዊቱ በዚያው ቲኬት ይገባሉ። ቅዳሜ ግን አትሂዱ፤ ሰልፉ ከባድ ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ፈቃድ ውሰዱ።

አያት ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ያዋጣል። ባለፈው ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። እሷ ሮለር ኮስተር አትወጣ፣ ቀኑን በሙሉ በእግር አትዞር። ዲዝኒ ብንሄድ አግዳሚ ላይ ለመቀመጥ ከመቶ ዶላር በላይ ይከፈልላት ነበር። ኸርሺ ግን ከፓርኩ አጠገብ ቾኮሌት ወርልድ የሚባል አለ። መግቢያው ነፃ ነው። ቸኮሌት እንዴት እንደሚሠራ በሚንቀሳቀስ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ የሚታይበት ጉዞም ነፃ ነው። እማዬ ሦስቴ ዞረችው። ባለቤቴና እኔ እየተፈራረቅን፣ አንዳችን ልጆቹን ሲያጫውት ሌላችን አብሯት ዋለ።

በምግብ ግን ዲዝኒ ይበልጣል፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። የመስታወት ዕቃና አልኮል እስካልሆነ ድረስ ከውጭ ምግብ ይዛችሁ እንድትገቡ ይፈቅዳል፣ ቀዝቃዛ ውኃም በነፃ ይሰጣል። ኦገስት ውስጥ የምትሄዱ ከሆነ ፍልሰታ ነው፤ ልጆችም የሚጾሙበት ጾም ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሽሮ ፍርፍር በምሳ ዕቃ ይዛችሁ ግቡ። ይህን ዘግይቼ ነው ያወቅኩት፤ ለምግብ ከወጣው 500 ዶላር ግማሹን ባዳንኩ ነበር። ኸርሺ ምሳችንን መኪና ውስጥ አስቀምጠን እየወጣን ነው የምንበላው።

ከኸርሺም የሚረክስ የሚፈልግ ካለ ቨርጂኒያ ውስጥ ኪንግስ ዶሚኒየን የሚባል ፓርክ አለ። ሜሪላንድ ቦዊ የነበረው የሲክስ ፍላግስ መዝናኛ በኖቬምበር 2025 ስለተዘጋ ብዙ ሰው አሁን ወደዚያ ያያል። ከኦርላንዶው በፊት በነበረው ዓመት የዓመት ፓስ ነበረን። ለአራታችን 400 ዶላር፣ ፓርኪንጉን ጨምሮ። የገዛነው በመከር ነው፤ ለቀጣዩ ዓመት የሚሸጠው ያኔ ረከስ ይላል። ሰባት ጊዜ ሄድን። በአንድ ጉዞ 57 ዶላር፣ በሰው 14 ዶላር ማለት ነው። የውኃ መጫወቻው በውስጡ ነው። ዓርብ ከሰዓት ግን በ95 አውራ ጎዳና አትውጡ፤ መንገዱ ላይ ትቀራላችሁ።

ዲዝኒ ለማን ይሆናል? ልጆቻቸው ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ለሆኑ፣ ትምህርት ቤት አስፈቅደው በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በሴፕቴምበር መሄድ ለሚችሉ፣ ገንዘቡንም ያለ ክሬዲት ካርድ ዕዳ ላስቀመጡ። ርችቱ፣ የአደባባይ ሰልፍ ትርዒቱ፣ ንጽሕናው፣ ሴት ልጄ ሲንደሬላን አቅፋ ያበራችው ፊት፤ ይህን ሌላ ቦታ አላገኘሁም። እሷ ዛሬም ታወራዋለች።

ትንሹን ከኦርላንዶ ምን ታስታውሳለህ ስለው ግን እንሽላሊት ይለኛል። ቲኬቱ አልሠራ ብሎ ከበር በተመለስንበት ቀን በሆቴሉ መዋኛ ዙሪያ እንሽላሊት ሲያባርር ነበር የዋለው።

ወጥ ቤታችን በር ላይ በእርሳስ 44 ኢንች ምልክት አድርጌያለሁ። ዛሬ ጠዋት ለካሁት፤ ሁለት ኢንች ይቀረዋል። ዘንድሮ ኸርሺ ነን።