የቶሮንቶው የሆኪ የዝና አዳራሽ፦ ከዋንጫው በፊት ካዝናውን እዩ

ቶሮንቶ መሀል ከተማ፣ ያንግ እና ፍሮንት ጎዳናዎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ያለው የሆኪ የዝና አዳራሽ ለበረዶ ሆኪ ወዳጅ ከትኬቱ ዋጋ በላይ የሚክስ ሙዚየም ነው። ለጨዋታው አዲስ የሆነ ሰው ግን ጥቂት ነገር አውቆ ቢገባ ይሻላል፤ አለዚያ ማሊያና ዱላ ብቻ ሲያይ ውሎ ይወጣል።

መግቢያው ብሩክፊልድ ፕሌስ ከሚባለው ሕንጻ ምድር ቤት ነው። ልቡ ያለው ግን ደረጃ ተወጥቶ በሚደረስበት ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1885 የተሠራ የሞንትሪያል ባንክ ሕንጻ፣ ጣሪያው ባለቀለም መስታወት ጉልላት። የሰሜን አሜሪካ የባለሙያ ሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) አሸናፊ የሚሸለመው ስታንሊ ዋንጫ የሚቆመው እዚህ ነው። ቁመቱ 89.5 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ 15.5 ኪሎ። ጎብኚ እንዲነካው ይፈቀዳል። ዋንጫውን ገና ያላነሱ ባለሙያ ተጫዋቾች ግን ዕድላችንን ያበላሻል ብለው እጃቸውን አያሳርፉበትም።

ሰው ሁሉ ፎቶ ለመነሳት ወደ ዋንጫው ይሄዳል። እኛ የምንመክረው መጀመሪያ የቀድሞው ባንክ ካዝና ወደነበረችው ክፍል መግባት ነው። ዋንጫውን የሰጡት የካናዳ ጠቅላይ ገዥ ሎርድ ስታንሊ በ1892 ያሠሩት የመጀመሪያው የብር ጎድጓዳ ሳህን ያለው እዚያ ነው፤ አጠገቡ ከዋንጫው የወረዱ የብር ቀለበቶች አሉ። የዋንጫው ሰፊ ግንድ አምስት ቀለበት አለው፤ አንዱ የ13 ዓመት አሸናፊዎችን ይይዛል። የመጨረሻው ሲሞላ ከላይ ያለው ይወልቅና ሌሎቹ ወደ ላይ ተገፍተው ከታች አዲስ ይገባል። በ2018 ቀለበት ሲወልቅ የዝነኞቹ የድሮ ተጫዋቾች የጎርዲ ሃውና የሞሪስ ሪቻርድ ስሞች ከዋንጫው ወርደዋል። የእነዚህን ሰዎች ስም የሚፈልግ ዋንጫው ላይ አያገኘውም፤ ካዝናው ውስጥ ነው።

ስም የሚጻፍበት ደንብም ቀላል አይደለም። ተጫዋቹ ለአሸናፊው ቡድን ከመደበኛው ውድድር ቢያንስ 41 ጨዋታ፣ ወይም ከፍጻሜው አንድ ጨዋታ መጫወት አለበት። ጉዳት ላይ ለነበረ ተጫዋች ቡድኑ ለሊጉ ማመልከት ይችላል። ፊደሉ በመዶሻ አንድ በአንድ እየተመታ የሚቀረጽ ስለሆነ ስህተት ሲሠራ ማጥፋት ያስቸግራል። ዋንጫው ላይ የ1972ን መስመር ፈልጉ፦ ቦስተን በሚለው የቡድን ስም ውስጥ በ«ኦ» ፋንታ «ኪው» ገብቷል። በ1981 የኒውዮርኩ ቡድን የአይላንደርስ ስም አንድ «ኤስ» ጎድሎታል። በ1984 መስመር ደግሞ የኤድመንተኑ ቡድን ባለቤት የአባታቸውን ስም አስገብተው ነበር፤ ሊጉ ሲያውቅ በ«ኤክስ» ፊደላት ተደበደበ። ይህኛው ለጎብኚ መለያ ነው። ኤክሶቹ ካሉ ከተጫዋቾች እጅ ለእጅ የሚዞረውን ዋንጫ እያያችሁ ነው፤ ከሌሉ በ1993 የተሠራውን ቅጂ። በበጋ እያንዳንዱ አሸናፊ ተጫዋች ዋንጫውን ለአንድ ቀን ስለሚወስደው በነዚያ ወራት የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ቅጂውን ነው።

በአዳራሹ ግድግዳ የተመረጡት ሰዎች መስታወት ሰሌዳ አላቸው። አንድ ተጫዋች ጨዋታ ካቆመ ሦስት ዓመት ይጠብቃል፤ ከዚያ ከ18 መራጮች የ14ቱን ድምፅ ማግኘት አለበት። ቦቢ ኦርንና ጎርዲ ሃውን አስተያይቶ ማየት የሆኪ ተጫዋችን ዕድሜ ያስተምራል። ኦር በጉልበቱ መገጣጠሚያ ጉዳት ምክንያት በ657 ጨዋታ አብቅቶ፣ የጥበቃው ጊዜ ተነሥቶለት በ1979 በ31 ዓመቱ ገባ። ሃው በ1972 ከተመረጠ በኋላ ወደ ሜዳ ተመልሶ ከልጆቹ ጋር ተጫውቷል፤ በ52 ዓመቱ ያበቃው የመጨረሻ ዓመቱን 80 ጨዋታ ሳያጎድል ነው።

ግራንት ፉርን (2003፣ ወደ አዳራሹ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች) እና የቶሮንቶዋን አንጄላ ጄምስን (2010፣ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች አንዷ) ሳታዩ አትለፉ። ዊሊ ኦሪ በ1958 በኤንኤችኤል የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ነው፤ ቀኝ ዓይኑ አያይም ነበር። እሱን ከተጫዋቾች ጋር የሚፈልግ ያጣዋል፤ በ2018 የገባው ጨዋታውን ካሳደጉ ሰዎች ተርታ ነው። የሴቶች ቁጥር ግን አሁንም ያሳዝናል፤ እስከ 2010 በሩ ዝግ ስለነበር ብዙ ይቀረዋል።

ምድር ቤቱ ውስጥ የበረኞች ጭምብሎች ጊዜ ይገባቸዋል። ዣክ ፕላንት በ1959 ፊቱ በፐክ (በሆኪ እንደ ኳስ በሚመታው ጠፍጣፋ የላስቲክ ክብ) ተመትቶ ከተሰፋ በኋላ ጭምብል አድርጎ ወደ ሜዳ መመለሱ የበረኛን ሥራ ለውጦታል። ጎብኚ ራሱ ፐክ የሚመታበት ቦታ ለልጆች ደስ ይላል፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ሰልፍ ስላለው ጠዋት በር ሲከፈት ቀድሞ እሱን መጨረስ፣ ከዚያ ወደ ላይ መውጣት ነው።

ከዳንፎርዝ የሐበሻ ሰፈር የሚመጣ ከግሪንዉድ ጣቢያ ተሳፍሮ ብሉር–ያንግ ላይ በመቀየር ዩኒየን ይወርዳል። ከዩኒየን እስከ ሙዚየሙ በመሬት ውስጥ መተላለፊያ ስለሚደረስ በክረምት ብርድ ላይ መውጣት አያስፈልግም። ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙ፤ ግማሹን ላይኛው አዳራሽ ውስጥ አሳልፉት።