ባለ አራት ካሜራው ዲቪአር ሌባ ሲመጣ ምን ይረባል?

ዕቃው ይሄ ነው፦ ባለ 2 ሜጋፒክስል አራት ካሜራ፣ አንድ ዲቪአር (የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳው ሣጥን)፣ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ። አዲስ አበባ ውስጥ በየሱቁ በር የምታዩት ዓይነት። ብራንዱን ልተወው፣ በዚህ ዋጋ የሚሸጡት ብዙም አይለያዩም። ቀን ላይ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ አፑም ስልክ ላይ ቶሎ ይከፍታል። እኔ ግን የገዛሁት ሌባ ቢመጣ ፖሊስ የሚይዘው ነገር እንዲኖረው ነው። በዚህ ከአምስት ሦስት ሰጥቼዋለሁ።

በራችን ላይ የቆመ የደንበኛ መኪና ስፖኪዮ ማታ ተነቅሎ ሄደ። መርማሪው ከጣቢያ ደብዳቤ ይዞ መጣና አብረን ከፈትነው። ሌባው በደንብ ይታያል፣ ማለቴ ኮፍያው በደንብ ይታያል! ገጣሚው ካሜራውን ከፍ አድርጎ ፎቁ ሥር ሰቅሎት ሄዷል፣ ከዚያ ላይ የሚቀረፀው አናት ብቻ ነው። ባለ 2 ሜጋፒክስል ምስል በወርዱ 1920 ፒክስል አለው። የማታውቁትን ሰው በፊቱ ለመለየት ደግሞ የሙያው መለኪያ ለአንድ ሜትር 250 ፒክስል ይላል። አስሉት፣ ካሜራው የሚያየው ቦታ ከ8 ሜትር ከሰፋ ፊት የለም። ስለዚህ ሻጩ "መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ያሳይልሃል" እያለ ሲያሞግስ አትደሰቱ። ዙም ማድረግም አያድንም፣ ያልተቀረፀ ነገር ከየት ይመጣል? አንዱን ካሜራ ዝቅ አስደርጋችሁ የሚገባና የሚወጣውን ሰው ፊት ብቻ እንዲያይ አድርጉት።

ማታ ደግሞ ኢንፍራሬዱ (ካሜራው በጨለማ የሚያይበት፣ ለዓይን የማይታይ ብርሃን) ሲበራ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ አንዳንድ ጥቁር ጨርቅም ነጣ ብሎ ይወጣል። እኛ "ግራጫ ጃኬት" ያልነው ጥቁር ሆኖ ተገኘ።

ሰዓቱ ሌላ ጣጣ ነው። ባለመኪናው "ሦስት ሰዓት አካባቢ" ሲል ዲቪአሩ ላይ 21:00 ነው፣ ይሄንን መርማሪው ለምዶታል። የከፋው መብራት እየጠፋ፣ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪም ስትደክም ሰዓቱ መዛባቱ ነው። የእኛ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። መርማሪው የስልኩን ሰዓት ከስክሪኑ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ጻፈ፣ ምክንያቱም ከሱቅ ወደ ሱቅ እየሄደ የሰውየውን መንገድ የሚያያይዘው በሰዓት ነው። አንድ ካሜራ ብቻውን ብዙ አይናገርም። በፈረንጆቹ 2013 አሜሪካ ውስጥ በቦስተን ማራቶን ላይ በደረሰው የቦምብ ፍንዳታ ጊዜም የአገሩ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ የተጠርጣሪዎቹን ፎቶ በሦስተኛው ቀን ያወጣው ከየቦታው የተሰበሰበ ምስል አገጣጥሞ ነው። የእኛው ሰውዬ ፊት የተገኘው ከታች ያለው ጁስ ቤት ነው፣ ካሜራቸው ሒሳብ መቀበያው ጋ በሰው ቁመት ተሰቅሏል። ስፖኪዮ ነቅሎ ጁስ ሊጠጣ መግባቱ ግን ይገርማል።

የወደድኩለት ነገር ቅጂ አሰጣጡ ነው። ቀንና ሰዓት መርጣችሁ ዋናውን ፋይል ከነማጫወቻው በፍላሽ ይሰጣል፣ መርማሪውም የፈለገው እሱን ነው። ስክሪኑን በስልክ ቀርፆ መላክ ጥራቱንም ይገድላል፣ ነገ ፍርድ ቤት ላይም ጥያቄ ያስነሳል። ያንኑ ቪዲዮ "ሌባውን እወቁት" ብሎ ቲክቶክ ላይ የሚለቅ ደግሞ አለ። ተዉት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹህ ነው ይላል፣ በዚያ ላይ የተሳሳተ ሰው ፊት ቢሆንስ?

ዲስኩ ትንሽ ነው። አራቱም ካሜራ እያንዳንዳቸው በሴኮንድ 2 ሜጋቢት እየቀረፁ 1 ቴራባይት በ11 ቀን ገደማ ይሞላና ከድሮው ጀምሮ ይደመስሳል። "ሁለት ሳምንት ልታገስ፣ ምናልባት ይገኛል" ካላችሁ ቪዲዮው ሊያመልጣችሁ ነው። ከገዛችሁ 2 ቴራባይት አስደርጉ፣ በኤች 265 (ቪዲዮውን አጥብቦ በሚያስቀምጠው ዘዴ) የሚቀርፅ መሆኑንም ጠይቁ፣ ቦታውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ዩፒኤስም (ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ጨምሩ፣ መብራት ሲጠፋ ካሜራውም ዲቪአሩም አብረው ነው የሚተኙት።