ከቀለሙ በፊት ዓይኑን ላሰቡልኝ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው በፈረስ የዘረመል ምርመራ ላይ የሚያማክሩ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያን ለማመስገን ነው። ፈረስ ለምታራቡ ሁሉም ልጠቁማቸው እፈልጋለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም። በኢንቦክስ ለሚጠይቀኝ ግን በደስታ አገናኘዋለሁ።

ጉዳዩ ሲልቨር የሚባለው ቀለም ነው። ጥቁር ፈረስ የሲልቨርን ጂን ሲይዝ ገላው ቸኮሌት ይመስላል። ጋማውና ጭራው ደግሞ ነጣ ብለው ብርማ ይሆናሉ። ብዙ ጊዜ ገላው ላይ ክብ ክብ ነጠብጣብ ይወጣል። ሲያዩት ዓይን አያስነቅልም! እኔም እንዲህ ያለ ውርንጭላ ለማግኘት ስመኝ ቆይቻለሁ። ቀይ ባዝራ አለችኝ፤ ጋማዋም ከገላዋ ፈዘዝ ያለ ነው። ከአንድ ሲልቨር ድንጉላ ጋር ላገናኛት አስቤ፣ አስቀድሜ ጸጉሯን ለምርመራ ላክሁ።

እንዲህ ያለ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በጥቂት ፊደላት ነው። እሳቸው ግን ወረቀቱን ከመላካቸው በፊት ደወሉልኝ። መጀመሪያ የጠየቁኝም ስለ ባዝራዋ አልነበረም።

«ከየትኛው ድንጉላ ጋር ነው ያሰቡት?» አሉኝ። ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ረጋ ብለን እንነጋገር» አሉ።

ባዝራዬ ራሷ አንድ የሲልቨር ጂን ይዛለች። ማንም አይቶ ሊያውቅ አይችልም። ሲልቨር የሚያደበዝዘው ጥቁሩን ቀለም ብቻ ነው፤ ቀዩን አይነካም። ቀይ ፈረስ ደግሞ ጸጉሩ ላይ ጥቁር ቀለም ስለማይሠራ ጂኑ የሚያደበዝዘው ነገር አያገኝም። ተደብቆ ይኖራል፣ ለልጅም ይተላለፋል። የጋማዋ መፍዘዝስ? እሱ ከሲልቨር ጋር አይገናኝም፤ ሲልቨር የሌለባቸው ቀይ ፈረሶችም እንዲህ ያለ ጋማ አላቸው። ስለዚህ በፎቶ አይቶ «ይሄ ሲልቨር ነው» ማለት ብዙ ርቀት አያስኬድም።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገቡ። ሲልቨርን የሚያመጣው ፒሜል በሚባለው ጂን ላይ የሚገኝ ለውጥ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው ሁለቱን ያገናኛቸው። ጂኑ በሚሠራው ፕሮቲን 618ኛው ቦታ ላይ አርጂኒን የሚባለው የፕሮቲን መሥሪያ ንጥረ ነገር ሲስቴይን በሚባል ሌላ ይተካል። በጂኑ የዘረመል ጽሑፍ ውስጥ የአንዲት ፊደል ለውጥ ናት። ይህ ፕሮቲን ቀለም በሚሠራው ሴል ውስጥ ቀጫጭን ክሮችን ይዘረጋል። ጥቁሩ ቀለም ልክ ማግ በድር ላይ እንደሚሸመን በእነዚያ ክሮች ላይ ይጠራቀማል። ክሩ ሲበላሽ ጥቁሩ በደንብ አይቀመጥም፤ ቀዩ ግን ይህ ክር ብዙም ስለማያስፈልገው እንዳለ ይቀራል። ገላው ቀይ ሆኖ ጋማው፣ ጭራውና እግሩ ጥቁር የሆነ ፈረስ ሲልቨር ሲይዝ ገላው ቀይ እንደሆነ የሚቀረው ለዚህ ነው። የሚፈዝዙት ጋማው፣ ጭራውና እግሩ ናቸው።

ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ አንዴም አልቸኮሉም። ያልገባኝን መልሼ ስጠይቅ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ።

ቀጥሎ የነገሩኝን ግን ሲልቨር ፈረስ የሚያራባ ሰው ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ። ይኸው ለውጥ ዓይን ላይም ይሠራል። አንድ ጂን የያዘ ፈረስ ዓይኑ ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ከረጢቶች ሊኖሩት ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ ዕይታውን እምብዛም አይጎዱትም። ከእናትም ከአባትም ወርሶ ሁለት ጂን የያዘው ግን ሌላ ነው። ኮርኒያው (ከዓይኑ ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን) ከልክ በላይ ወደ ውጭ ሊያብጥ ይችላል፤ አይሪሱ (በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክፍል) በትክክል ላይፈጠር ይችላል። ብሌኑ ጠባብ ሆኖ በጠብታ እንኳ አልሰፋ ይላል። የዓይን ሞራም ሊኖረው ይችላል። ይህ አብሮት የሚወለድ ችግር ነው። በሮኪ ማውንቴን፣ በአይስላንድ፣ በሼትላንድና በሌሎችም ሲልቨር ባለባቸው የፈረስ ዘሮች ይታወቃል።

ድንጉላውም አንድ ሲልቨር ጂን ነበረው። ሁለቱ ቢገናኙ ውርንጭላው ሁለት ጂን የመያዝ ዕድሉ ከአራት አንድ ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ ቀይ ሆኖ ቢወለድ ቀለሙ ምንም ምልክት አያሳይም። ቀይ ነው ብዬ ዝም እል ነበር፤ የዓይኑ ጉዳት ግን እዚያው አለ። የጸጉር ቀለሙና የዓይኑ ችግር አብረው ካልታዩ ሰው እንዴት ይጠረጥራል?

«ስለዚህ ተው እያሉኝ ነው?» አልኳቸው።

«ውሳኔው የእርስዎ ነው» አሉኝ። «እኔን ከጠየቁኝ ግን ሲልቨር የሌለበት ጥቁር ድንጉላ ይፈልጉ። ባዝራዋ ሲልቨሩን ይዛለች፤ ከሁለቱም በኩል መምጣት የለበትም።»

ይቺ አነጋገር ናት ያሳረፈችኝ። የምፈልገውን ቀለም አልነፈጉኝም፤ ያለ ጉዳት የማገኝበትን መንገድ አሳዩኝ። ውርንጭላው አንድ ሲልቨር የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሁለት የመያዝ ዕድል ግን የለውም። አዲሱ ድንጉላ ጥቁር ቀለምን ከሁለቱም ወላጆቹ እንደወረሰም እንዲመረመር መከሩኝ፤ እንዲህ ከሆነ ቀይ ውርንጭላ አይወለድም፤ ሲልቨሩም ቢመጣ አይደበቅም።

በነገራችን ላይ፣ ቀለም የሚያደበዝዝ ጂን ሁሉ እንዲህ አይደለም። ክሬም የሚባለውን ብንወስድ ሥራው የተገላቢጦሽ ነው፤ በይበልጥ የሚያደበዝዘው ቀዩን ነው። አንድ ክሬም ቀዩን ፈረስ ወርቃማ ያደርገዋል። ሁለት ክሬም ደግሞ ወደ ነጭ የተጠጋ ገላና ሰማያዊ ዓይን ይሰጠዋል፤ ሲልቨር የሚያመጣውን የዓይን ችግር ግን አያመጣም። «ደብዛዛ ቀለም ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» ብሎ በደፈናው መናገር ስለዚህ አይሆንም። የትኛው ጂን እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ምክራቸውን ሰምቼ ድንጉላውን ቀየርኩ። ውርንጭላው ሲወለድ ገላው የስንዴ ቀለም ነበረው፤ ሽፋሽፍቱ ነጭ፣ ሰኮናው ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች። ፎቶውን ስልክላቸው በጣም ደስ አላቸው፤ ግን ወዲያው «ጸጉሩን ይላኩ፣ ዓይኑንም በእንስሳት የዓይን ሐኪም ያስመርምሩ» አሉ። ምርመራው አንድ ሲልቨር ጂን እንዳለው አረጋገጠ። ሐኪሙም ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ አየና በአንዱ ዓይን ዳር ትንሽ ከረጢት አገኘ። ዕይታውን እንዳልነካው ነገረኝ። ዛሬ መስኩን ሙሉ ሲሮጥ ይውላል።

ለእኚህ ሴት ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሥራቸው ጸጉር ተቀብሎ ውጤት መላክ ነበር፤ እሳቸው ገና ላልተወለደ ውርንጭላ ዓይን ተጨነቁ። እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ሲልቨር የሚያምራችሁ ወዳጆቼ፣ ከማገናኘታችሁ በፊት አማክሯቸው። በተለይ ቀይ ባዝራ ያላችሁ፣ «የኔዋ ቀይ ናት፣ አይመለከታትም» እንዳትሉ።

ጸጉር ስትልኩ ደግሞ ከጋማ ወይም ከጭራ ከነሥሩ ንቀሉት እንጂ በመቀስ አትቁረጡት። ለምርመራው የሚያስፈልጉት ሴሎች ያሉት ሥሩ ላይ ነው። የሁለት ፈረስ ጸጉር እንዳይቀላቀልም እያንዳንዱን በየፖስታው አድርጉና ስሙን ጻፉበት። ኢንቦክሴ ክፍት ነው።