ጣና በነሐሴ፦ ከልጆቼና ከእናቴ ጋር

አሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋው አገር ቤት ሰማዩ ሲቀደድ ነው። ልጅ ያለን ሰዎች ጣናን ካየነውም የምናየው በክረምት ነው ማለት ነው። «በነሐሴ ምን ልታደርጊ? ጥር ላይ ነው እንጂ!» ያላለኝ ዘመድ የለም። እኔም በ2014 ነሐሴ ከእናቴ፣ ከአሥራ አራት ዓመት ሴት ልጄና ከአሥር ዓመት ወንድ ልጄ ጋር አሥር ቀን ባሕር ዳር ከረምኩ። ከዚያ ወዲህ የክልሉ ጸጥታ ስለተለወጠ፣ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እዚያው ያለ ዘመዱን ይጠይቅ። ስለ ወቅቱ፣ ስለ ጀልባውና ስለ ማደሪያው ግን የማወራው አለኝ።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በረራው አንድ ሰዓት ግድም ነው። ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የገባ መንገደኛ የአገር ውስጥ ትኬቱን በቅናሽ ስለሚያገኝ፣ የመጣችሁበትን ትኬት ቁጥር ይዛችሁ ግዙ። የእኛን በረራ የጠዋት ደመና ሁለት ሰዓት አዘገየው፤ በክረምት ቀጠሮን ከበረራ ጋር አታጣብቁ።

ሆቴሉ ሐይቁ ዳር ነው፤ ስሙ ይቅር። ክፍሉ ንጹሕ፣ ሠራተኞቹ ትሑት፣ ግቢው ወፍ በወፍ። ሒሳብ ላይ ግን ፓስፖርቴን አይተው በዶላር ጠሩብኝ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን፣ ቢጫ ካርዴን ሳወጣ ልጅቷ «እሱ ለቪዛ ነው» አለችኝ። ኃላፊው እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ነው በብር የሆነልኝ። ወቅቱ ሰው የሌለበት ስለሆነ ዋጋ መነጋገር ይቻላል፤ ብቻ ሻንጣ ሳይገባ በፊት ይሁን።

ሰው የለም ስል ፈረንጅ የለም ማለቴ ነው። ይህን ሳላስብበት ነው የሄድኩት። ነሐሴ የፍልሰታ ጾም ነው፤ ቱሪስቱ ሲጠፋ ሱባኤ ገቢው ይመጣል። ወደ ሐይቁ ገባ ባለው የዘጌ ምድር ስንወርድ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ዙሪያው ነጠላ ለብሶ፣ ስንቁን ሸክፎ በመጣ ሰው ሞልቶ ነበር። በጾሙ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሆነ የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል ለማየት በጠዋት መድረስ ይሻላል። እኛ ሦስት ሰዓት ላይ ደርሰን አስጎብኚው ሳይቸኩል አሳየን። ከሥዕሉ ይልቅ ልጆቼን የያዛቸው ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው የቡና ጫካ ነው። ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው። አስጎብኚው የዘጌን ቡና ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ጋር አያይዞ ሲተርክላቸው ሴት ልጄ ስልኳን ኪሷ ከተተች፤ ለዚህ ብቻ ጉርሻ ሰጠሁት።

ለመመለስ ስንነሣ እናቴ አልነሣም አለች። «እኔ እዚሁ ነኝ። ለነሐሴ አሥራ ስድስት ኑና ውሰዱኝ።» ለካ ነጠላዋንና የበሶ ቋጠሮዋን ከአዲስ አበባ ይዛ ነው የመጣችው። ባሕር ዳር ያለው ክፍሏ ሒሳብ ግን መቁጠሩን ቀጠለ።

የዘጌው ካፒቴን ከጀልባ ማኅበሩ ያገኘነው ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ካልተነሣን አልሄድም ብሎ አስቆጥቶኝ ነበር። «እህቴ፣ ከሰዓት በኋላ ጣና ይቆጣል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል» አለኝ። ዋጋ ማስወደጃ መስሎኝ፣ ለደቅ ደሴት ሆቴሉ ያገናኘኝን ረከስ ያለ ጀልባ ያዝኩ። የተነሣነው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ አለ። ደቅ ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በእቴጌ ምንትዋብ የተሠራች ናት፤ እቴጌዋ ራሷም ከድንግል ማርያም ሥዕል እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። ከዚያ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ገዳም ሄድን። ዳጋ ሴት አይገባበትም፤ እኔና ልጄ ጀልባው ላይ ቀረን። ካፒቴኑና የአሥር ዓመቱ ልጄ ብቻ ዳገቱን ወጡ። ሲመለስ የዘርዐ ያዕቆብንና የፋሲልን አፅም በመስታወት ሣጥን እንዳየ በግማሽ አማርኛ ሲያወራን፣ እህቱ ንዴቷን አልደበቀችም። ከቤተሰቡ ነገሥታቱን ያየ እሱ ብቻ ነው፤ እስካሁን ይመጻደቅብናል።

በመመለሻችን ነፋሱ ተነሣ። ውሃው በክረምቱ ጎርፍ ቡናማ ሆኗል፤ ማዕበሉ ጀልባዋን ከፍ ዝቅ ሲያደርጋት ላይፍ ጃኬት ስጠን አልኩ። ከወጡት አራቱ ውስጥ መታጠቂያው ያልተበጠሰ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱን ለልጁ አሰርኩለት። ካፒቴኑ ዝናቡ እስኪያልፍ ዳር ዳሩን በደንገሉ ጥግ ይዞ አዘገመ። ሰውየው ሥራውን ያውቃል፤ ዕቃው ነው የከዳው። ሳትሳፈሩ እያንዳንዱን ጃኬት አስወጡና መታጠቂያውን ቆልፋችሁ እዩ።

ለጢስ ዓባይ ግን ነሐሴን የሚያህል ጊዜ የለም። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ሄድን። በበጋ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫ ሲዞር ፏፏቴው የሚሳሳበትን ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አሁን ግን ገደሉን ሞልቶ ሲወርድ ጉሙ ከሩቁ ፊት ያጥባል። ጭቃው ክፉ ነው። የእኔ ውድ የተራራ ጫማ ሁለት ቀን ሳይደርቅ ሰነበተ፤ ልጄ ገበያ ላይ የገዛችው ኮንጎ ጫማ ቧንቧ ሥር ታጥቦ ወዲያው ደረቀ።

ዓሣ ወዳዶች ደግሞ ፍልሰታን አስቡበት። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ቀረሶ ጥብስ ያዘዝነው እኔና ልጆቼ ብቻ ነበርን፤ አስተናጋጁ ምንም አላለንም፣ ዙሪያችን ግን ሽሮ ነበር። በቡሄ ዋዜማ ጅራፍ ሲጮኽ ልጄ የተኩስ ድምፅ መስሎት አልጋ ሥር ገባ። በማግስቱ ራሱ ጅራፍ ካልገዛሽልኝ አለ።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን የመጀመሪያውን ካፒቴን ይቅርታ ጠይቄ፣ 12 ሰዓት ላይ ተነሥተን እናቴን ልናመጣ ሄድን። ፌስታል ሙሉ የዘጌ ቡና ይዛ፣ ነጠላዋ ርሶ፣ ፊቷ አብርቶ ጠበቀችን። ገና ሳትቀመጥ ጀልባውን በስንት እንደተከራየሁት ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ደርሶ መልስ ነው፣ እማማ» አላት ካፒቴኑ ቶሎ ብሎ።

«ይሁን፤ እኔ አብሬያቸው የሰነበትኩት ሴቶች እኮ የመጡት በሕዝብ ጀልባ ነው» አለች እናቴ፤ ወደ እኔ ዞራም በሰው የከፈሉትን ነገረችኝ። ካፒቴኑ ሞተሩን አስነሣ።