ሦስተኛ ራውተር ከመግዛት ላዳነን ልጅ ምስጋና

ይህን የምጽፈው አንድ ቴክኒሺያን ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳላወጣው ስለለመነኝ አልጠቅሰውም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ኔትወርክ መተዳደሪያዬ ስለሆነ ሥራን ከወሬ መለየት አይከብደኝም። ሩቅ ስላለሁ ሥራውን በቪዲዮ ጥሪ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ፤ አንዲት ደረጃ አልዘለለም። እጁ ይባረክ።

ቤቱ የአክስቴ ነው። ፋይበር የገባለት፣ 200 ሜጋ ቢት የሚከፈልበት ቤት ነው። ችግሩም የታወቀው ነው፦ ሳሎን ይሠራል፣ መኝታ ቤት ይጠፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ስልኩ «ተገናኝቷል» እያለ ኢንተርኔት የለም።

መጀመሪያ የሄደችበት ሻጭ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቃትም። መስመሩ ፋይበር ነው ወይስ የስልክ ገመድ? የሚከፈለው ለስንት ሜጋ ነው? ቤቱ ስንት ክፍል አለው? ምንም። «አንቴናው በበዛ ቁጥር ይጠነክራል» ብሎ ባለ ስድስት አንቴና ራውተር ሸጠላት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1200 ተጽፏል። ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ቁጥር ስለሆነ ልንገራችሁ። ራውተሩ በሚያሰራጭባቸው ሁለት ሞገዶች፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ 867 ሜጋ ቢት ተደምሮና ተጠጋግቶ የተጻፈ ነው። ስልካችሁ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከሁለቱ አንዱን ነው፤ ከዚያም ላይ እጃችሁ የሚገባው ከወረቀቱ ቁጥር በጣም ያነሰ ነው። ከሁሉ የሚያናድደው ግን የዚያ ራውተር የገመድ ፖርቶች (መሰኪያዎች) በሙሉ የ100 ሜጋ ቢት መሆናቸው ነው። የ200 መስመር በ100 በር እንዲያልፍ ተፈረደበት ማለት ነው። ይህም ካርቶኑ ጎን ላይ በትንንሹ ተጽፏል፦ «10/100»። የሚፈለገው «10/100/1000» ወይም «ጊጋቢት» የሚል ነበር። ሻጩ ይህን ያውቃል፤ አንብቦ ሊነግራት ግን አልፈለገም።

ሁለተኛው ይብሳል። «ጥፋቱ የሞደሙ ነው፣ ይሄ ሞደምም ራውተርም ነው» ብሎ ሌላ ዕቃ አሸከማት። ጀርባውን አንዴ ያየ ባለሙያ ወዲያው ያውቀዋል፤ ጠባብ የስልክ መሰኪያ ያለው፣ በመዳብ የስልክ ገመድ ለሚመጣ ኢንተርኔት የተሠራ የኤዲኤስኤል ሞደም ነው። ፋይበር የሚሰካበት ቦታ እንኳ የለውም። ልትመልስ ስትሄድ «ካርቶኑ ተከፍቷል» ተብላ ተመለሰች። በጡረታ የምትኖር ሴት ናት። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ ሦስተኛው መጣ፤ ሦስት ፍሬ ያለው የሜሽ ዋይፋይ (እርስ በርስ እየተቀባበሉ ቤቱን የሚሸፍኑ ዕቃዎች) ካልገዛሽ አይሆንም አላት። ገንዘቡን አዘጋጅታ ለመሄድ ስትነሣ ጎረቤት ይህን ልጅ ጠራላት። ቦርሳውን እንዳስቀመጠ ያላት ይህን ነው፦ «እማማ፣ ገንዘብዎን ያስቀምጡ። መጀመሪያ ያለዎትን እንየው።»

ይህችን ቃል አልረሳትም። እሱም ሜሽ ይሸጣል፤ የፈለገውን ቢላት ታምነው ነበር።

ሥራውን የጀመረው ከራውተሩ አይደለም፣ መስመሩ ቤት ከሚገባበት ቦታ ነው። የፋይበሩ ሞደም፣ እኛ ኦኤንቲ የምንለው፣ በመግቢያው በር አጠገብ ፊውዞቹ ካሉበት የብረት ሳጥን ውስጥ ተዘግቶበት ነበር። መብራቶቹን አየ፦ ፖን የሚለው አረንጓዴ ሆኖ ረግቷል፣ ሎስ የሚለው ቀይ መብራት ጠፍቷል፤ መስመሩ አለ ማለት ነው። በዚህ ብቻ አልረካም። ፋይበሩን ነቅሎ በመለኪያ ለካው፤ -19 ዲቢኤም (የብርሃኑ ጉልበት መለኪያ ነው፤ ከዜሮ በታች በወረደ ቁጥር ይደክማል)። የተለመዱት የጂፖን (የቤት ፋይበር) ሞደሞች እስከ -27 ይቀበላሉ፤ ወደዚያ እየተጠጋ ከሄደ ግን የታጠፈ ገመድ፣ የቆሸሸ ጫፍ ወይም ደካማ መጋጠሚያ አለ ማለት ነው። መልሶ ከመሰካቱ በፊት ጫፉን በአልኮል ጠርጎ አጸዳው። ብዙዎቻችን የምንዘለው ይህንን ነው። ዓይን የማያየው አቧራ ብርሃኑን ይጋርዳል።

ቀጥሎ ላፕቶፑን በቤቱ ገመድ ከኦኤንቲው ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን ለካ። 94 ወጣ። እንደገና ለካ፣ 94። በዚህ ሥራ ላይ ላለ ሰው 94 ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም፤ 100 ላይ የታነቀ ገመድ ወይም ፖርት አለ ማለት ነው። ከቦርሳው የራሱን ገመድ አውጥቶ ቀየረው፣ 196። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። መስመሩ ጤነኛ ነው፣ ኦኤንቲውም ጤነኛ ነው፣ በሽታው ያለው ገመዱ ላይ ነው። ሁለት ራውተር የተገዛው ማንም ሰው ይህችን የሁለት ደቂቃ ምርመራ ስላላደረገ ነው።

ከዚያ የገመዱን ኮኔክተር (ጫፉ ላይ ያለውን መሰኪያ) በስልኩ ባትሪ እያበራ ወደ ካሜራው አስጠግቶ አሳየኝ። ስምንት ሽቦዎች አሉ። ስድስቱ ከናሱ ጥርስ ሥር ድረስ ገብተዋል፣ ቡናማውና ነጭ-ቡናማው ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቀርቷቸው ቆመዋል። መቶ ሜጋ ቢት አራት ሽቦ ይበቃዋል፤ 1፣ 2፣ 3 እና 6ኛውን ብቻ ይጠቀማል። ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ቡናማዎቹ 7ኛና 8ኛ ስለሆኑ እነሱ ሲቀሩ ዕቃዎቹ ራሳቸው ወደ 100 ይወርዳሉ። ገመዱ «ይሠራል»፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም። ኮኔክተሩን ቆርጦ አዲስ አደረገበት፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። የተጠማዘዙት ጥንዶች ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይፈቱ እየተጠነቀቀ። በክሪምፐር ጨምቆ በቴስተር ስምንቱንም መብራት አስቆጠረኝ። እንደገና ሲለካ 195። አክስቴ ከጎኑ ቆማ ታጨበጭባለች።

የዋይፋዩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ኦኤንቲው ራሱ ዋይፋይ አለው፣ በሁለቱም ባንድ (ሞገድ) የሚሠራ፣ ፖርቶቹም ጊጋቢት ናቸው። ግን የብረት ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ እንዴት ይሰማ? ብረት ሲግናሉን መልሶ ያነጥረዋል። በሁለቱም ጫፉ አረንጓዴ የሆነ 5 ሜትር ፓች ኮርድ (አጭር የፋይበር ገመድ) አምጥቶ ኦኤንቲውን ወደ ኮሪደሩ መሐል፣ ከወለሉ 1.5 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አወጣው። አረንጓዴው ላይ አደራ እላለሁ፦ የአረንጓዴው ጫፍ 8 ዲግሪ ተቆርጦ የተሞረደ ነው፣ ሰማያዊው ቀጥ ያለ ነው። ተመሳሳይ ስለሚመስሉ ሁለቱን የሚያጋጥሙ አሉ፤ ብርሃን ይጠፋል፣ ጫፉም ይጎዳል። ፋይበሩ ግድግዳው ጥግ ላይ እንዳይሰበር ከ3 ሴንቲ ሜትር ባላነሰ ራዲየስ አዞረው።

አሁን ደግሞ ያ ባለ ስድስት አንቴና ራውተር። ሊጥለው ይችል ነበር፣ አልጣለውም። ችግሩን ነገረኝ፦ የሰካው ሰው ከኦኤንቲው በመጣው ገመድ ላን ፖርቱ (ለቤት ውስጥ ዕቃዎች የተሠራው መሰኪያ) ላይ ሰክቶታል፣ የሁለቱም አድራሻ 192.168.1.1 ነው፣ ሁለቱም በዲኤችሲፒ (ለስልክና ለላፕቶፕ አድራሻ በሚሰጠው አሠራር) አድራሻ ያድላሉ። ስልኩ ቀድሞ ለመለሰለት ያድራል። ኦኤንቲው ከቀደመ ይሠራል፣ ራውተሩ ከቀደመ «ተገናኝቷል» ይላል ግን መውጫ የለውም። የአክስቴ የዓመት ራስ ምታት ይኸው ነበር። ልጁ ራውተሩን ከኔትወርኩ ነጥሎ ከላፕቶፑ ጋር ብቻ አገናኘው፣ አድራሻውን 192.168.1.2 አደረገው፣ ዲኤችሲፒውን ዘጋው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ገመዱን ከላን ወደ ላን ሰካ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ሰክቶ በኋላ ሊያስተካክል የሞከረ ሰው ማንኛውን እንደከፈተ ሳያውቅ ይደናገራል። መኝታ ቤት አስቀመጠው፣ ስሙንና ፓስወርዱን ከኦኤንቲው ጋር አንድ አደረገው፣ በ2.4 አንዱን ቻናል 1፣ ሌላውን ቻናል 11 ላይ አቆመ። በዚህ ባንድ እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ፖርቱ የ100 መሆኑ እዚህ ቦታ አይጎዳም፤ ባለ 4ኬ ቪዲዮ እንኳ 25 ሜጋ ቢት ገደማ ይበቃዋል። መኝታ ቤቱ ከ3 ሜጋ ቢት ወደ 88 ወጣ። አዲስ የተገዛው ፓች ኮርዱና ኮኔክተሩ ብቻ ነው።

ሪፒተር (ዋይፋይ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ዕቃ) ለምን አላደረገም የምትሉ ትኖራላችሁ። ሪፒተር የሚያባዛው ያለበት ቦታ የደረሰውን ሲግናል ነው፤ ሲግናል በሌለበት ክፍል ቢሰካ የሚያባዛው ነገር የለም። በአንድ ባንድ ብቻ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱን ግማሽ ያደርገዋል። ገመድ መዘርጋት የሚቻልበት ቤት ውስጥ ገመድን የሚበልጥ ነገር የለም።

ለመግዛት ለምታስቡ፣ እሱ ለአክስቴ የነገራትንና እኔም የማምንበትን ላስተላልፍ። ሞደም የሚመረጠው በመስመሩ ነው። ፋይበር ከሆነ ኦኤንቲው በተከታታይ ቁጥሩ በአገልግሎት ሰጪው ይመዘገባል፤ ከመንገድ ገዝታችሁ ብትሰኩት አይነሣም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ። የስልክ ገመድ ከሆነ ኤዲኤስኤል ነው ወይስ ቪዲኤስኤል (በዚያው ገመድ የሚመጣው ፈጣኑ ዓይነት) የሚለውን እወቁ፤ ኤዲኤስኤል ብቻ የሚችል ሞደም ለቪዲኤስኤል አይሆንም፣ እያንዳንዱ የስልክ ቀፎም ፊልተር (ድምፁን ከኢንተርኔቱ የሚለይ ትንሽ ዕቃ) ይፈልጋል። በሲም ካርድ የሚሠራ ከሆነ ዕቃው የኔትወርካችሁን ባንዶች መያዙን አረጋግጡና መስኮት አጠገብ አድርጉት። ራውተር ደግሞ አዲስ ከገዛችሁ የዋን ፖርቱ (ኢንተርኔቱ የሚገባበት መሰኪያ) ጊጋቢት፣ ዋይፋይ 6 እና ደብሊውፒኤ 3 (የዋይፋይ ጥበቃ) ያለው፣ ከአምራቹ ማሻሻያ የሚመጣለት ይሁን። አንቴና አትቁጠሩ። የኢንተርኔት ፍጥነት በቢት፣ ፋይል ግን በባይት እንደሚለካም አትርሱ፤ 20 ሜጋ ቢት ማለት በሰከንድ 2.5 ሜጋ ባይት ነው። «ተታለልኩ» ብለው የሚጣሉ ብዙዎች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት።

ሊወጣ ሲል ያደረገውን ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል። የሁለቱን ዕቃዎች ቻርጀር አገላብጦ አየ፦ አንዱ 12 ቮልት፣ ሌላው 9 ቮልት፣ ጫፋቸው ግን አንድ ዓይነት። ቤት ሲጸዳ ተነቅለው ቢቀያየሩ ያበላሻሉ ብሎ ሁለቱም ላይ ፕላስተር ለጥፎ «የኮሪደሩ»፣ «የመኝታ ቤቱ» ብሎ ጻፈባቸው። ከዚያ ወረቀት ጠየቀ። አክስቴ መነጽሯን ሳታደርግ እንድታነበው በትልልቁ ጻፈላት፦ «አረንጓዴው ረግቶ ከቆመ ደህና ነው። ቀዩ ብልጭ ብልጭ ካለ ዕቃው አልተበላሸም፣ አገልግሎት ሰጪውን ይጥሩ። ኢንተርኔቱ ከቆመ ከሶኬት ነቅለው 30 ሰከንድ ቆይተው ይሰኩ። ትንሿን ቀዳዳ በመርፌ አይንኩ።» ያቺ ቀዳዳ ሪሴት ናት፤ ከተነካች የመስመሩ ቅንብር በሙሉ ይጠፋል። ወረቀቱን ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ እሱ ራሱ ለጠፈው። በሳምንቱም ደውሎ «እማማ፣ መኝታ ቤቱ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቋታል። ክብረት ይስጥልን፣ ዕድሜ ይስጠው።

እባካችሁ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ለእንዲህ ያለ ሰው ደውሉ። ስትደውሉ ደግሞ እንዳይመላለስ ይህን አዘጋጁለት፦ የሞደሙንና የራውተሩን የታች ስቲከር ፎቶ፣ መብራቶቹ በርተው የተነሣ ፎቶ፣ የምትከፍሉበት ፍጥነት፣ ከተቻለም በገመድ የተለካ ውጤት፣ አንዴ ሞደሙ አጠገብ፣ አንዴ ችግር ባለበት ክፍል። የስቲከሩን ፎቶ ለእሱ ብቻ ላኩ እንጂ እዚህ አትለጥፉት፤ የዋይፋያችሁ ፓስወርድ እዚያው ላይ ነው የተጻፈው።